የነርሲንግ ዲግሪ ፕሮግራም ማስፋት፦ የቅበላ አቅማችንን በመማሪያ ክፍል እንለካ ወይስ በዋርድ (በሆስፒታል የሕሙማን መኝታ ክፍል)?

ክር ከፋች፦ «የትምህርት ክፍል ኃላፊ» (ሐዋሳ)

ውድ የመድረኩ አባላት፣

በሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የነርሲንግ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የኮሌጃችን ቦርድ በመደበኛው መርሐ ግብር የምንቀበላቸውን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቁጥር ከ60 ወደ 120 እንድናሳድግ ሐሳብ አቅርቦ፣ የትምህርት ክፍሉን አስተያየት በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። መልሱን ከመጻፌ በፊት በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁትን ሰዎች ማማከር ፈልጌ ነው ይህን ክር የከፈትኩት።

የቦርዱ ሐሳብ መነሻ አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ በመሆናቸው፣ እንደ እኛ ያሉ ኮሌጆች ለዲግሪ የሚያበቃ ውጤት ያለው ተማሪ አጥተው ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ከርሟል። በ2015 ዓ.ም. የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ ሬሜዲያል የምንለው መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈተናው አላፊዎች ቁጥር ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። ስለዚህ አመልካች እየተመለሰ ነው፤ አዲሱ ሕንጻችን ሁለተኛ ፎቅም ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ተማሪ ይጠብቃል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ባለፈው ወር ያየሁት ነገር ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችንን ለመከታተል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ። በመስኮቱ ጥግ ባለው አልጋ ዙሪያ ነጭ ጋውን የለበሱ 14 ተማሪዎች ቆመዋል፤ የእኛዎቹ 6 ሲሆኑ የቀሩት ከሌሎች ሁለት ተቋማት የመጡ ናቸው። ቁስላቸው ይታጠብላቸው የነበሩት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አስታማሚ ልጃቸው ከሰዉ ብዛት የተነሳ ወደ አልጋው መጠጋት አቅቷት ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማለች። ከኋላ የቆመ አንድ የእኛ ተማሪ ደግሞ ከፊቱ ካሉት ትከሻ ባሻገር ምንም ሳይታየው፣ ሎግ ቡኩን (የተግባር መመዝገቢያ ደብተሩን) ግድግዳው ላይ አስደግፎ «የቁስል እጥበት፣ በረዳትነት የተሠራ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ለመመረቅ የሚያስፈልገውን የተግባር ብዛት ቆጥረን የሰጠነው እኛ ነን፤ የሚሠራበትን አልጋ ግን አልሰጠነውም።

አዲስ የሚገቡት 120 ተማሪዎች በአንደኛው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ስለሚወስዱ ችግሩ ወዲያው አይታይም። ክፍያቸው ዘንድሮ ይገባል፤ መጨናነቁ ዋርድ ላይ የሚደርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተማሪውን ወደ ቤቱ መመለስ አይቻልም። እናንተ የቅበላ ቁጥር ስትወስኑ ከምን ተነስታችሁ ነው? ቦርድን የሚያሳምነውስ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?

ምላሽ፦ «ከአዳማ»

ክብርት ኃላፊ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

በአዳማ የነርሲንግ ፕሮግራም አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ ብዙ ከተሳሳትኩ በኋላ የደረስኩበት መንገድ፣ ቁጥሩን ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። መጀመሪያ ከሁሉም ጠባብ የሆነውን የልምምድ ክፍል ይፈልጉ። የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አልጋቸው ብዙ ስለሆነ ተጨናንቀውም ቢሆን ተማሪ ይችላሉ። ጉሮሮውን የሚያንቁት ማዋለጃው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉና የአእምሮ ሕክምናው ናቸው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ማዋለጃ ክፍል በአንድ ፈረቃ ከ6 በላይ ተማሪ አይችልም እንበል። በቀን ሁለት ፈረቃ ብንጠቀም 12 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን 4 ሳምንት ቢቆይና በዓመቱ 40 የልምምድ ሳምንት ቢኖር 10 ዙር ይወጣዋል፤ በድምሩ 120 ቦታ ማለት ነው። ቦርድዎ የጠየቀው ቁጥር ራሱ መጣ ማለት ነው፤ ነገር ግን ያ ሆስፒታል 4 ተቋማትን የሚያስተናግድ ከሆነ የእናንተ ድርሻ 30 ብቻ ነው። አሁን ላሉት 60 ተማሪዎች እንኳን እንዲህ ያለ ሁለት ማዋለጃ ያስፈልግዎታል። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ሠርተው ለቦርዱ ያቅርቡ። የቦርድ አባላት ስለ ጥራት በጥቅሉ የተነገራቸውን ሁሉ በትሕትና ሰምተው ያልፋሉ፤ ማካፈልና ማባዛት ሲቀርብላቸው ግን ይጠይቃሉ።

እኛ ቦታ ያገኘነው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው የከሰዓትና የማታ ተረኝነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በከተማችን በኩል ስለሚያልፍ፣ በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎች በማንኛውም ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ዋርድ የሚገባ ተማሪ ይህን ሳያይ ይመረቃል። ሁለተኛው ከከተማ መውጣት ነው፤ ቡድኖችን ወደ ሞጆና ወደ ወንጂ አቅጣጫ መላክ ጀመርን። እናንተም ወደ ይርጋለም፣ ለኩና ሻሸመኔ ማሰብ ትችላላችሁ። ወጪው ግን በደንብ ይታሰብበት፦ መኪና፣ የቤት ኪራይ፣ አብሮ የሚያድር መምህር አበል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴት ተማሪዎች ከማታ ተረኝነት ሲወጡ በሰላም ማደሪያቸው የሚደርሱበት መንገድ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ይህን የመጨረሻውን ረስተን አንዲት ተማሪ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብቻዋን ባጃጅ ስትፈልግ አገኘናት። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ያልተመደበለት የማታ ተረኝነት መርሐ ግብር ላይ ፈርሜ አላውቅም።

ምላሽ፦ «ሲስተር ከዋርድ» (ሐዋሳ)

እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነኝ፤ ነገሩን ከአልጋው በኩል ልናገር።

ኮሌጆች በደብዳቤ «40 ተማሪዎችን ልከናል፣ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ብለው ይጽፉልናል። ደብዳቤው ይደርሳል፣ ተማሪዎቹ ይደርሳሉ፣ መምህሩ ግን በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ስም ጠርቶ ይሄዳል። ሙሉ ዋርድ የያዘች ነርስ መድኃኒት እየሰጠች፣ ሐኪም እየተከተለች፣ አስታማሚ እያረጋጋች ተማሪም እንድታስተምር ይጠበቅባታል፤ በወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስማቸውን ለማታውቃቸው ልጆች የምዘና ቅጽ እንድትሞላ ወረቀት ክምር ይቀርብላታል። በዚህ ሁኔታ የሚሞላ ቅጽ ምን ዋጋ እንዳለው እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲገባ የታዘዘለትን ታካሚ ያዘ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ስሌቱን ያለ ወረቀት በቃሉ ሠርቶ «በደቂቃ 42 ጠብታ» አለኝ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ግን በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ለሚሰጠው «ሴት» (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) ነው ልክ የሚሆነው። በዚያ ቀን የአዋቂው አልቆ የነበረን 60 ጠብታ የሚሰጠው ጥቃቅን ጠብታ ያለው ሴት ስለነበር፣ እኔም ሳልናገር ቆሜ አየሁት። ሰዓቱን እያየ ቆጠረና በ42 ላይ አቆመው። «የሴቱን ማሸጊያ አንብበኸዋል?» አልኩት። ከቆሻሻ መጣያው አውጥቶ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ፤ በዚያ አካሄድ በ8 ሰዓት መግባት የነበረበት ፈሳሽ ወደ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። አብረን ወደ 125 አስተካከልነው። ይህ ልጅ ከእንግዲህ ማሸጊያ ሳያነብ ሴት አይሰቅልም፤ ነገር ግን ይህን ለመማር የፈጀበት 10 ደቂቃ የእኔም 10 ደቂቃ ነበር፤ በዚያ ጠዋት ዋርዱ ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎች ሁሉ ይህን ጊዜ መስጠት የቻልኩት ለእሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክብርት ኃላፊ፣ አልጋ ብቻ አይቁጠሩ፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰውም ይቁጠሩ። ከእኛ ነርሶች መካከል ማስተማር የሚወዱትን መርጣችሁ ፕሪሴፕተር (ዋርድ ላይ ተማሪን የሚያስተምርና የሚከታተል ነርስ) አድርጋችሁ አሠልጥኑ፣ በመግባቢያ ሰነድ ላይ ድርሻቸውን ጻፉ፣ ለድካማቸው ክፈሉ፣ የምስክር ወረቀትም ስጧቸው። ተማሪዎቹም ጓንታቸውን ይዘው ይምጡ፤ የታካሚ ጓንት ለልምምድ ሲያልቅ ማየት ያሳዝነናል።

ምላሽ፦ «የኮሌጅ ፋይናንስ»

የተባለውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤአለሁ። የምጽፈው ክርክሩ የጎደለው አንድ ወገን ስላለ ነው።

በአንድ የግል ኮሌጅ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው መምህራን፣ የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ዕቃ፣ የቤተ መጻሕፍትና የኢንተርኔት ወጪ ተማሪው 30 ቢሆንም 60 ቢሆንም ብዙ አይለያይም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን ዳግም ሲመዘግብና መመዘኛውን ሲያጠብቅ ያ ወጪ ጨምሯል፤ መጨመሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪው ትንሽ የሆነበት ፕሮግራም መጀመሪያ የሚያጣው ምርጥ መምህሩን ነው፤ ደመወዝ ማሻሻል አይችልምና። ከዚያ መምህሩ በሦስት ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ይጀምራል፣ ተማሪውን ዋርድ የሚከተል ሰው ይጠፋል። ሲስተር የተናገሩት በሳምንት አንዴ መጥቶ ስም ጠርቶ የሚሄደው መምህር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ አለማደግም በራሱ ወደዚያው ጉድጓድ ሊያደርስ እንደሚችል አይረሳ።

እኔ የምለው ዕድገቱ ከሌላ በር ይግባ ነው። በሥራ ላይ ያሉና ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ማሻሻል የሚፈልጉ ነርሶች በሐዋሳና በአካባቢው ወረዳዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ መርፌ መውጋት ለመማር አይመጡም፤ የሚጎድላቸው ፓቶፊዚዮሎጂው (በሽታ የሰውነትን አሠራር እንዴት እንደሚለውጥ የሚያጠናው ትምህርት)፣ የጥናትና ምርምር ዘዴው፣ የነርሲንግ አስተዳደሩ ነው። የሚማሩትም ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ በሥራ ቀን ዋርድ ላይ የሚያመጡት ጫና አነስተኛ ነው። ባዶው ፎቅ በእነሱ ቢሞላ ገቢው ለመደበኛው ተማሪ ፕሪሴፕተር መክፈያ ይሆናል። እኛ ጋ የተሞከረው እንዲህ ነው፤ ቦርዱም የተቀበለው ገቢው ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ቀድሞ በበጀት ላይ ስለተጻፈ ነው።

ምላሽ፦ «ሁለተኛ ዙር»

እኔ ተመራቂ ነኝ፤ አሁን ከሐዋሳ ወጣ ባለች ከተማ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ከታላላቆቼ መካከል መጻፌን በይቅርታ ተቀበሉኝ።

የዲግሪ ተማሪዎች ሲያጠናቅቁ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች አንዱ ነበርኩ፤ 50 አልሞላልኝም። ማስታወሻዬን በሙሉ ሸምድጄ ነበር የገባሁት። ያሸነፉኝ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ከወለደች ብዙም ያልቆየች እናት ደም ሲበዛባት ምን እንደሚደረግ በዝርዝር አውቅ ነበር፤ ፈሳሽ መስጠቱን፣ መድኃኒቱን፣ ፊኛዋ ባዶ መሆኑን ማረጋገጡን። ምርጫዎቹ ግን ሁሉም ትክክለኛ ሥራዎች ሲሆኑና የሚጠየቀው ቅደም ተከተሉ ሲሆን፣ መልሱ ያለው ወረቀት ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ነው። ማዋለጃ ክፍል በቆየሁባቸው ሳምንታት ከበር ላይ ቆሜ ነበር ያሳለፍኩት፤ አንድም ጊዜ እጄን የእናት ሆድ ላይ አድርጌ ማህፀኑ ሲጠነክር ወይም ሲላላ አልዳሰስኩም። በኋላ አንዲት ሚድዋይፍ እህቴ ከሥራዋ ጎን ለጎን እየወሰደች አሳየችኝ፤ እርዳታ እየተጣራሁ በሌላው እጄ ማህፀኑን ማሸት እንደምጀምር ዛሬ ሳላስብ ነው የማደርገው። በሁለተኛው ዙር አለፍኩ።

የተማርኩበት ኮሌጅ ስኪል ላብ ነበረው፤ ቁልፉ ግን ጉብኝት ሲመጣ ነበር የሚፈለገው። የመጀመሪያውን የሽንት ካቴተር ያስገባሁት ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ፣ ሽንት ታግዶባቸው በሚያቃስቱ አንድ አባት ላይ ነው። ጤና መኮንኑ አጠገቤ ቆሞ በዝግታ እየመራኝ ነበር፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ እኚያ አባት «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። የታመመው ሰው እኔን ማጽናናት አልነበረበትም። ኃላፊዋ ቦርዱን ሲያነጋግሩ ይህንንም ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ «ስኪል ላብ»

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሳነብ አዘንኩ፤ ስለጻፍከውም አመሰግናለሁ። የስኪል ላብ አሠልጣኝ ነኝና በዚህ ላይ ብቻ ልጨምር።

ላብን የሚያስተምር ላብ የሚያደርገው ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ነው። እኛ ጋ ሥራ የተለወጠው አዲስ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ አሻንጉሊት) ሲገዛ አልነበረም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ጠዋት ላቡ ለነፃ ልምምድ እንዲከፈትና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እንዲያለማምዱ ሲወሰን ነው። የጡንቻ መርፌ መውጋትን ስፌት ቤት ባሰፋነው በስፖንጅ ትራስ ይለማመዳሉ። እጅ መታጠብን ማንም እንደሚችለው ስለሚያስብ ቸል ይለዋል፤ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በሰዓት ስንለካቸው ግን አብዛኞቹ በ15ኛው ሰከንድ ላይ ያቆማሉ፤ አውራ ጣታቸውንም ይረሱታል። ከዋርድ በፊት በየጣቢያው እየተዘዋወሩ በቼክሊስት የሚመዘኑበትን ኦስኪ ያላለፈ ተማሪ ታካሚ እንዲነካ አንፈቅድም። ይህ ሲሆን ዋርድ ላይ ያለው ጊዜ ይቆጠባል፤ የሲስተርን 10 ደቂቃ ጓንት አለባበስ በማሳየት አናባክነውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ላብ ጎበዝ ስለሆነልን «እንግዲህ ዋርዱ ቢቀንስም ግድ የለም» ያሉን አመራሮች ነበሩ። ማኒኪን አያቃስትም፣ አያፍርም፣ አስታማሚ የለውም። ሰውን መንከባከብ የሚለመደው ከሰው ጋር ነው።

ምላሽ፦ «የትምህርት ክፍል ኃላፊ» (ሐዋሳ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፤ የሠራሁትን ላካፍላችሁ።

በአዳማው አስተባባሪ ምክር መሠረት ማስታወሻ ደብተር ይዤ የምንጠቀምባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በከተማው ውስጥ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አቀፍ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በቅድሚያ የራሱን ተማሪዎች ማስተናገዱ ተገቢ ስለሆነ፣ እሱን ከስሌቱ አወጣሁት። ጠባቡ ክፍል እንደተባለው ማዋለጃው ሆነ። በአንዱ ሆስፒታል ድርሻችን በዓመት 30 ነው። ከከተማ ወጣ ያለው ሌላው ሆስፒታል በፈረቃ 4 ተማሪ ይቀበላል፤ በሁለት ፈረቃና በ10 ዙር 80 ቦታ ሲሆን ከአንድ ተቋም ጋር ስለምንካፈለው 40 ይደርሰናል። ድምሩ 70 ነው። ከ70 በላይ የተቀበልነው እያንዳንዱ ተማሪ ከበር ላይ የሚቆም ተማሪ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። የ«ሁለተኛ ዙር»ን ታሪክም ስም ሳልጠቅስ በንባብ አሰማሁ፤ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

አንድ የቦርድ አባል «ታዲያ ሕንጻው ምን ይሁን?» ብለው ሲጠይቁ የፋይናንስ ባለሙያውን ሐሳብ አቀረብኩ። በውሳኔው መሠረት መደበኛው ቅበላ 70 ይሆናል፤ በሥራ ላይ ላሉ የዲፕሎማ ነርሶች የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ለመክፈት የዕውቅና ፈቃድ ጥያቄ ይዘጋጃል፤ ከገቢውም ለፕሪሴፕተሮች ክፍያ የሚሆን የተለየ የበጀት መደብ ይያዛል። ስለ ማታ ተረኝነት መኪና ገና አልተወሰነም፤ እስኪወሰን ድረስ ማታ ተማሪ አልመድብም።

ሲስተር፣ የፕሪሴፕተር ውሉን ረቂቅ ከሌሎቹ ሁለት ተቋማት ኃላፊዎች ጋር ጀምረናል፤ ሦስታችንም በአንድ ሰዓት አንድ ዋርድ ላይ እንዳንገናኝ የጋራ የልምምድ ሰሌዳ ማውጣት ይቀድማል ብለን ተስማምተናል። ረቂቁን ከማጽደቃችን በፊት እርስዎና ባልደረቦችዎ ብታዩልን ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ «ሲስተር ከዋርድ» (ሐዋሳ)

በደስታ አያለሁ። ረቂቁን በወረቀት አትመው ይዘውልኝ ይምጡ፤ በተረኝነት ላይ ሆኜ ስልክ ማየት አልችልም። ሁለት ነርሶችን አነጋግሬአለሁ፣ ሁለቱም ፈቃደኛ ናቸው።

ተማሪዎቹ ከዚህ በኋላ 3 ሰዓት ላይ አይምጡ። ርክክባችን ከጠዋቱ 1፡30 ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ሌሊቱን የሆነው ሁሉ የሚነገረው ያኔ ነው፤ እሱን ያልሰማ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ሲያስታምም ይውላል። ሰኞ 5 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ይላኩልኝ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት አልጋ ይይዛሉ፣ ከዚያ በላይ አልሰጣቸውም።